ለባንታም የከበዱት ሻምፒዮን

አስፋልት ዳር በሰው ሚዛን መንገደኛ እየመዘነች የምትተዳደር አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ባንታም የሚባለው የቀላል ሰዎች ክብደት የቀድሞ የቦክስ ሻምፒዮን፣ ዛሬ ግን ቦርጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ባለሥልጣን አቶ ልመንህ፣ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡና ሚዛኗ ላይ ጉብ አሉ። እንዳይሰበርባት ሰጋች።

«አንቺ! እኔና ያ ሌላው የባንታም ሻምፒዮን ጥጋቡ በጉብዝናችን ጊዜ ብንጋጠም ማን ያሸንፍ ነበር?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ምን አውቄ!»

«ተናገሪ! ያ ወራዳ ያሸንፋል ካልሽ ከዚህ አስነሳሻለሁ፤ እኔን ካልሽ ደግሞ አሽቃባጭ ነሽ!»

አጃቢዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ ጎንበስ ብላ ሚዛኑን አነበበች።

«ጌታዬ፣ ሚዛኔስ ለባንታም ከብደዋል፣ መጋጠም አይችሉም ይላል» አለች። «ግን አይዞዎት፤ አሁን ሲናገሩ በጣም ቀለሉብኝ።»