ደምለውና ተከታዩ

ተረት ተረት በሉኝ። ልጆች፣ ተጠጉ። መቀመጥ ያቃተው ካለ ቆሞ ይስማ፤ ይቺ ተረትም መቀመጥ ያቃተው ሰው ተረት ናት።

ድሮ ነው። በሬ ለሞተበት ሰው ለቅሶ ይደረስ በነበረበት ጊዜ። በአንድ ገደላማ አገር ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንዱ አንዳርጌ፣ አንዱ ደምለው። አንዳርጌ አንድ በሬ አለው፤ ስሙ ወይኖ። ደምለውም አንድ በሬ አለው፤ ስሙ ዳልቻ። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ መቀናጆ ገቡ። ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን መሬት፣ አንድ ቀን የሌላውን ያርሳሉ። ባለ ተራው በዚያ ቀን ሁለቱንም በሬዎች ያበላል፣ ያጠጣል፣ ይጠብቃል።

የአንዳርጌ ተራ ሲሆን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይፈታቸዋል። ለወይኖ አንድ እቅፍ ሣር፣ ለዳልቻ አንድ እቅፍ ሣር።

የደምለው ተራ ሲሆን፣ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ታልፋለች። ለዳልቻ ሣር፣ ለወይኖ ገለባ። ጅራፉም ሁልጊዜ በወይኖ በኩል ነው።

«ደምለው፣ በሬዬ ከሳብኝ» አለው አንዳርጌ።

«የሰነፍ ነገር፤ ቢበላም ይከሳል» አለ ደምለው።

ወይኖ እንደ ሌላው በሬ አልነበረም። እናቱ በወለደችው ሳምንት ሞተችበት። የአንዳርጌ ልጅ ትርንጎ ናት ወተት በእጇ እያጠጣች ያሳደገችው። ባለፈው ክረምት ትርንጎ ታመመች። ሦስት ቀን ተኛች፤ በአራተኛው ሞተች። ወይኖ ቀረ። አንዳርጌ ጠዋት ጠዋት በረት ይገባና አንገቱን ያክለታል።

ሰኔ ገባ። የሚካኤል ዕለት ሆነ። በሚካኤል አይታረስም። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ተራው የደምለው ስለነበረ በሬዎቹ እሱ ዘንድ ነበሩ። ከቀትር በኋላ ደምለው እየሮጠ መጣ።

«አንዳርጌ፣ ወይኖ ገደል ገባ። ሣር ሲግጥ አዳለጠው።»

አንዳርጌ ወርዶ አየው። ተመልሶ ወጣ።

«ሲወድቅ አይተኸዋል?»

«አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።»

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«እኔ ምን አውቄ? በሬ ነው፤ ሞተ።»

በማግሥቱ አንዳርጌ ወደ አባ ላቀው ሄደ። አባ ላቀው የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ግን አላለቀም።

«አባቴ፣ በሬዬ እንዴት እንደሞተ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ብታውቅ ይነሳልሃል?»

«አይነሳም።»

«ታዲያ?»

«ልጄ ያሳደገችው ነው። አሟሟቱን ላውቅላት ይገባል።»

አባ ላቀው አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት፣ ልጆች፣ አገሬው አንድ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው። ሦስት ቀን ማንም እርሻው አይሄድም። የመቀናጆም ሕግ አለ። በሬ በራሱ ቢሞት ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። ባልንጀራው ከገደለው ግን ገዳዩ የራሱን በሬ ይሰጣል። በሦስት ቀን ካልታወቀ ነገሩ ይዘጋል። ያኔ አንዳርጌ በሬም የለው፣ ዘርም የለው።

በመጀመሪያው ቀን ሾላው ሥር ተቀመጡ። አንድ በአንድ ማሉ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ደምለውም ማለ። ከማለ በኋላ ተነሳ። ተቀመጠ። እንደገና ተነሳ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ።

ማንም አያየውም ነበር። ሰው ሁሉ ደመናውን ነበር የሚያየው።

በሁለተኛው ቀን ደምለው ከፀሐይ ወደ ጥላ ሄደ። ከጥላ ወደ ድንጋይ ሄደ። ከድንጋይ ወደ ፀሐይ ተመለሰ። ቆቅ ከቁጥቋጦ ብር ስትል ከሰው ሁሉ ቀድሞ የዘለለ እሱ ነው።

«አንተ ደምለው፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» አለ ተድላ የሚባል ቀልደኛ ጎረቤት።

ሰው ሳቀ። ደምለው አልሳቀም። ጣቱን ወደ አንዳርጌ ቀሰረ።

«እሱን ለምን አትጠይቁትም? እዩት፣ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። በሬው ሞቶ አንዲት እንባ አላፈሰሰም። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ይላል፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ማን አየው? ራሱ ገፍቶት ቢሆንስ? ዳልቻዬን ሊወስድብኝ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። «እውነቱን ነው፤ አላለቀሰም» አለ አንዱ። «እኔም ልብ ብያለሁ» አለ ሌላው።

«ምን ትላለህ?» አሉት አባ ላቀው አንዳርጌን።

«እንባዬ ባለፈው ክረምት አልቋል» አለ አንዳርጌ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ተቆጥቶ መጣ። ዝናቡ ቀርቧል፤ መሬቱ አልታረሰም። አባ ላቀው መጡና ተቀመጡ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተናገሩ።

«ዛሬ አልጠይቅም። ደክሞናል። ሁላችሁም በያላችሁበት ጋደም በሉ። እጁ ንጹሕ የሆነ ይተኛል። ማንም ቢነሳ ማንም እንዳይከተለው። እኔም ልተኛ ነው።»

«በቀትር እንቅልፍ ፍርድ ይሰጣል እንዴ?» አለ ደምለው።

«አይሰጥም። እንቅልፍ ይሰጣል» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ተድላ ተኛ። እነዚያ የተቆጡትም ተኙ። አንዳርጌ ክንዱን ተንተርሶ ጥቂት ሰማዩን አየ፤ ከዚያ እሱም ተኛ። ከሚካኤል ወዲህ ሲተኛ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያው ነበር።

ደምለው አንዱን ዓይኑን ጨፈነ። ከፈተ። ሌላውን ጨፈነ። ከፈተ። «አልተኙም» አለ በልቡ። «የተኙ መስለው እኔን ይጠብቃሉ።» ተነሳ። በእግሩ ጣት ሄደ። ለአጥር ተቆርጦ በተከመረው የግራር እሾህ አጠገብ ሲያልፍ የጋቢው ጫፍ አንድ ቅርንጫፍ ያዘ። እሱ አላየም።

ኮሽ አለ ከኋላው።

ደምለው ፈጠነ። ኮሽታውም ፈጠነ። ደምለው ቆመ። ኮሽታውም ቆመ። ደምለው ሮጠ። ኮሽታውም ሮጠ። ዞሮ አላየም፤ ያየ ይታያል ብሎ ነው።

ሜዳውን አቋረጠ፤ ኮሽ። ጉብታውን ወጣ፤ ኮሽ። ወደ ምንጩ ወረደ፤ ኮሽ፣ ኮሽ። እዚያ ሲደርስ ቅርንጫፉ የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰነቀረ። ጋቢው ተወጠረ። ደምለው ሰው ከኋላው የያዘው መሰለው። ፊቱን ሳያዞር ቆመ።

«አባ ላቀው፣ ይልቀቁኝ።»

ጋቢው አልተለቀቀም።

«እሺ። በሚካኤል አረስኩ።»

ጋቢው አልተለቀቀም።

«እሺ። ወይኖን መታሁት። ከወደቀም በኋላ መታሁት።»

ጋቢው አልተለቀቀም።

«እሺ፣ እሺ። ከሞተ በኋላ በዳልቻ ጎትቼ ገደል የሰደድኩትም እኔ ነኝ። አሁንስ ይልቀቁኝ።»

ምንጩ ዳር እትዬ ደብሪቱ የምትባል ሴት እንስራዋን ትሞላ ነበር። ቀና አለች።

«ምነው ደምለው፣ ከቀጋ ጋር ነው የምትሟገተው?»

ያን ጊዜ ዞረ። ከኋላው ሰው የለም። እሾህ ብቻ።

እትዬ ደብሪቱ እንስራዋን ትታ ሾላው ሥር ሄደች፤ የሰማችውን ሁሉ ተናገረች። አገሬው ሲደርስ ደምለው ገና ጋቢውን ለማላቀቅ ይታገል ነበር። ላላቅቀው ሲል እሾሁ እጁንም ይዞታል። አባ ላቀው ፈረዱ፤ ዳልቻ ለአንዳርጌ ሆነ።

አንዳርጌ ዳልቻን ከመውሰዱ በፊት ደምለው ፊት ቆመ።

«ብዙ ቆየ?»

«ምኑ?»

«ወይኖ። ከወደቀ በኋላ።»

ደምለው መሬት መሬቱን አየ። «ጥቂት ቆየ። አንድ ትልም አርሶ እስከመመለስ።»

«ቀንበሩን ፈታህለት?»

«አልፈታሁለትም። ይነሳል ብዬ ነበር።»



«አወቅሁ» አለ አንዳርጌ፤ ዳልቻን በገመዱ ይዞ ሄደ።

ዳልቻን ከተድላ በሬ ጋር አቀናጀው። መሬቱን አለሰለሰ፤ ጤፉን በጊዜው ዘራ። የገዳዩ በሬ ነው ብሎ ጅራፍ አላነሳበትም። ቀትር ላይ ይፈታዋል። ለዳልቻ አንድ እቅፍ ሣር፣ ለተድላ በሬ አንድ እቅፍ ሣር።

ደምለውስ? ከማን ጋር ይቀናጅ? በሬ የለው። በሬ ቢኖረውም በሬውን አምኖ የሚሰጠው የለም። ዶማ ይዞ መቆፈር ጀመረ። አንዴ ይቆፍራል፣ ሁለቴ ዞሮ ያያል። ማንም የለም። አንዴ ይቆፍራል፣ ሁለቴ ዞሮ ያያል። እንዲህ ሲዞር ዝናቡ አለፈው፤ የሰው ጤፍ ሲያሸት የሱ መሬት ጦም አደረ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሰው እንዲህ ይላል፦ ክፉ እሾህ እየጎተተ «አሳደዱኝ» ይላል፤ ቅን ኀዘኑን ተንተርሶ ይተኛል።

ተረቴ አለቀች። የሰማ ለታናሹ ይንገር፤ ያልሰማ ጎረቤቱን ይጠይቅ።