ለሦስት በር አንድ ጥያቄ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ለግጦሽ ሲወጡ ግልገልና ጥጃ፣ ውርንጭላም የሚያውሉበት ቤት ነበራቸው። ቤቱ ሦስት በር አለው፤ የፊት፣ የጎንና የጓሮ። ዘበኛ የለውም፤ በየበሩ ኮምፒውተር ተተክሏል። ኮምፒውተር ደግሞ ያዘዙትን እንጂ ያሰቡትን አያውቅም፤ ትእዛዙን አንድ በአንድ ጽፎ የሚሰጠው ይፈልጋል። ይህን ጽሑፍ፣ ስክሪፕት የሚሉትን፣ የምትጽፈው እመት አህይት ነበረች። አህያ ከሸክም እንጂ ከፊደል ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ልጅ ያላት እናት የማትማረው ነገር ምን አለ?

ትእዛዙ አጭር ነው። መጪው የሚወስደውን ልጅ ስም ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ የተጻፈውን ፊደል ቤት ባሉት ልጆች ስም ውስጥ ይፈልጋል፤ በአንዱ ስም ውስጥ ካገኘው ይከፍታል። አህይት ለፊት በር ጻፈች፤ ለጎኑ እንደገና ጻፈች፤ ለጓሮውም እንደገና። ሥራ ትፈራለች እንዴ፣ አህያ ሆና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ወደ ፊት በር መጣች። «ጠቦቴ» ብላ ጻፈች፤ በሩ እምቢ። «ሙክቴ» ብላ ጻፈች፤ እምቢ። ሲሰለቻት አንድም ፊደል ሳትጽፍ ኢንተር የምትባለውን ትልቋን ቁልፍ ተጫነች። በሩ ወለል አለ።

ደግነቱ እመት አህይት ውኃ ተሸክማ ከኋላዋ ደርሳ ነበር።

«ምን ጽፈሽ ነው የተከፈተልሽ?» አለቻት መንገዱን ዘግታ።

«ኧረ ምንም አልጻፍኩም፣ እመት አህይት። ባዶውን ነው የሰጠሁት።»

አህይት ነገሩ ገባት። የሚፈለግ ፊደል ከሌለ የሚጎድልም የለም፤ ባዶን ፈልግ ከተባለማ የማይገኝበት ስም የት አለ? ቀበሮን በኋላ እግሯ አስፈራርታ አባረረችና፣ ፊት በሩ ላይ «ባዶ ከሆነ አትክፈት» ብላ ጨመረች። ወደ ጎን በር ልታልፍ ስትል ልጇ ዳመኔ ከውስጥ ተጣራ። ጡት ፈልጎ ነው። እሷም ጡቷ ከብዷታል። «ሌሎቹን ነገ» አለችና ገባች። ማን ይፈርድባታል?

ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ሁሉንም አየች። የአህይትን እግር ግን ፈርታለችና በማግስቱ ጅብን ፈለገችው።

«አያ ጅቦ፣ ውርንጭላ ትወዳለህ?»

«ይህም ጥያቄ ሆነ?»

«በጓሮ በር ግባ። ምንም እንዳትጽፍ፤ ትልቋን ቁልፍ ብቻ ተጫን።»

«እኔ መቼ መጻፍ አውቅና።»

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩህ። የኔን ድርሻ ከበሩ ላይ ታስቀምጥልኛለህ።»

«ከተረፈ» አለ ጅብ።

«ካንተ ደግሞ ምን ተርፎ ያውቃል?»

ጅብ ጓሮ ደርሶ ትልቋን ቁልፍ በአፍንጫው ተጫነ። የጓሮው በር ተከፈተ። እናቶቹ መስክ ላይ ናቸው፤ ልጆቹ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ዳመኔ ብቻ ጆሮውን ቀስሮ ተነሣ።

«ማንን ልትወስድ ነው የመጣኸው፣ ጋሼ?»

ጅብን በሕይወቱ እንዲህ በአክብሮት የጠየቀው የለም። ግራ ገባው።

«እ... ወፍራሙን» አለ።

«ወፍራሙ የሚባል ልጅ እኛ ጋ የለም። ስሙን ንገረኝ።»

ጅብ ዝም ብሎ ማሰብ ጀመረ። አያ ጅቦ ሲያስብ ደግሞ ሌላ ሥራ አይሆንለትም። ዳመኔን ግን እናቱ የመከረችው ነገር አለ፦ የመጣውን ሁሉ ጠይቅ፤ ዝም ቢልህም፣ የሌለ ስም ቢጠራብህም ጩህ። ጮኸ። ግልገሎቹና ጥጆቹም ባንነው አብረውት ጮኹ። ጩኸቱ መስኩን ተሻገረ። እመት አህይት ላሞቹን ቀድማ ደረሰች፤ ጅብም ያን ቀን የቀመሰው ነገር ቢኖር ኮቴዋን ብቻ ነው።

አህይት አንገቷን በልጇ አንገት ላይ ጥላ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች።

«የኔ ዓለም፣ ያን ምክር የመከርኩህ እኮ ለወንዝ መንገድ ነበር። እዚህ ትጠይቅበታለህ ብዬ መቼ አሰብኩ?»

«ጥያቄው ያው አይደል፣ እማ? ወንዝም ቢሆን፣ ጓሮም ቢሆን።»

አህይት ወደ በሮቹ ዞራ አየች። ለልጇ አንድ ጊዜ ብትነግረው በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞራል፤ ለበሮቹ ግን ሦስት ጊዜ ጽፋ አንዱን ብቻ አረመች።

ወዲያው ሦስቱንም አጠፋች። በምትካቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈችና «ማነህ» የሚል ስም አወጣችለት። ባዶ ከሆነ አትክፈት፤ ከፊደል ሌላ ከተቀላቀለበት አትክፈት፤ ከአንዱ ልጅ ስም ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልገጠመ አትክፈት። በሮቹ ከእንግዲህ የየራሳቸው ጥያቄ የላቸውም፤ መጪ ሲመጣ «ማነህ»ን ይጠራሉ፣ እሱ ያላሳለፈውን አያስገቡም። ቀበሮ በጎን በር ባዶውን ሞከረች፤ በጓሮ በር «ዳመ» ብላ የስም ግማሽ ሞከረች። የትም ሄደች የት ያው ጥያቄ ነው የጠበቃት።

ኋላ ለዶሮዎች አራተኛ በር ሲከፈት አህይት ተነሥታ «ማነህን ጥራ» የምትል አንዲት መስመር ጻፈች። ዳመኔ አፉ ላይ ያለው ወተት ሳይደርቅ ተመልሳ አጠገቡ ጋደም አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ በራችን የቱንም ያህል ቢበዛ በደንብ የታሰበ አንድ ጥያቄ ለሁሉም እንደሚበቃና፣ ቀዳዳን በአንዱ በር ብቻ ደፍኖ መተኛት ግን ልጅን ለጅብ እንደ መተው መሆኑን ነው።