እመት ውሮና አፉ የተከደነው ጉድጓድ

ኑ፣ ተጠጉ። አንተ ከበሩ ዞር በል፣ ብርሃን ከለከልከን። ዝናቡ እስኪያባራ ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» የምትሉትን እንዳላችሁ እቆጥረዋለሁ፤ ዛሬ ተናድጃለሁና ቶሎ ልግባበት።

ድሮ፣ እንስሳት ጉርብትና በሚያውቁበት ዘመን፣ አንድ ዳገት ነበረ። ከዳገቱ ሥር አንዲት ኩሬ አለች፤ አገሩ ሁሉ የሚጠጣው ከሷ ነው። እመት እንቁራሪት እንቁላሏን የምትጥለው፣ ልጆቿን የምታሳድገው እዚያች ኩሬ ውስጥ ነው። ከዳገቱ ወገብ ላይ ደግሞ የድመቲቱ የእመት ውሮ ግቢ አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር አያ ጎርፍ ከላይ አመዱን፣ ፋንድያውን፣ ጭቃውን ተሸክሞ በውሮ ግቢ ያልፍና ኩሬዋ ውስጥ ይዘረግፈዋል።

ሽማግሌው አባ ኤሊ ጎረቤቱን ሰብስበው መላ መቱ። «በውሮ ግቢ ጉድጓድ እንቆፍር፤ ጠጠርና አሸዋ እናልብሰው። ጎርፉ እዚያ ይረፍ፣ ጭቃውን ይተው፣ ውሃው ተጣርቶ ይውረድ» አሉ። ከዚያ ወደ ውሮ ዞሩ። «ቁፋሮው የኛ ነው፣ በደቦ እንወጣለን። ጠረጋው ግን ያንቺ ነው ልጄ። ግቢው ያንቺ፣ አጥሩ ያንቺ፤ እኛ በየጊዜው አጥር እየዘለልን አንገባም።»

«ድሮስ ማን ሊያስገባችሁ» አለች ውሮ። «በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ደለሉን አወጣለሁ። ባላወጣ ጅራቴ ይቆረጥ።»

ደቦው ወጣ። ከርከሮ በአፍንጫው ቆፈረ፣ ጃርት በጥፍሩ ጫረ፣ አህያ ጠጠር አመላለሰ። ውሮም ጠላ ጠምቃ፣ ንፍሮ ቀቅላ አበላቻቸው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ደቦ ካበላች በኋላ የሷ ድርሻ ያለቀ መሰላት። ንፍሮ ጉድጓድ የሚጠርግ ይመስል!

ሰነፍ እንዳትሏት ደግሞ። ንጹሕ ናት፤ እኔን ያናደደኝም ንጽሕናዋ ነው። በየጠዋቱ ግቢዋን ትጠርጋለች። ጠርጋ ጠርጋ ጥራጊውን የት ትደፋዋለች? ጉድጓዱ ውስጥ። ገለባው ጉድጓድ፣ አጥንቱ ጉድጓድ፣ አመዱ ጉድጓድ። ግቢዋ ሲጸዳ ጉድጓዱ ይሞላል።

አንድ ክረምት አለፈና ኅዳር ላይ ጉድጓዱ ተጣራ። «እመቴ፣ ጉሮሮዬን ደለል ይዞታል። ይጥረጉኝ።»

«ሰማዩን አየኸው? ደመና የለበትም። በበጋ ስለ ጎርፍ የሚያወራ ምን ዓይነቱ ጉድጓድ ነው» አለችና ፀሐይ ልትሞቅ ሄደች።

መጋቢት ላይ ደግሞ ተጣራ። «እመቴ፣ ሆዴ ተነፋ፣ ጠጠሬ ተደፈነ። ይጥረጉኝ።»

«ጥፍሬ ቢሰበር አይጥ የምታድንልኝ አንተ ነህ?» አለችና ጥፍሯን እየላሰች ሄደች።

ግንቦት ላይ እያቃሰተ ተጣራ። «እመቴ፣ ክረምቱ ደረሰ። ስለ እግዜር ይጥረጉኝ።»

«ከነእርግዝናዬ አካፋ ላነሣ ነው? ደግሞስ እኔ ደቦ አብልቻለሁ። ውሃውን የምትጠጣው እንቁራሪት፣ ጭቃውን የምትዝቀው ውሮ! ንፍሮዬን የበሉት ይምጡና ይጥረጉህ።»

«ቢመጡ ያስገቧቸዋል?»

«አላስገባም።»

እንግዲህ ይህችን ምን ትሏታላችሁ? ሰኔ ላይ እንቁራሪት ራሷ እየዘለለች መጥታ በአጥሩ ቀዳዳ ለመነቻት። «እመት ውሮ፣ ልጆቼ ተፈልፍለዋል። ገና እግር አላወጡም፣ ከኩሬው መውጣት አይችሉም። ጭቃ ከወረደባቸው ያልቁብኛል።»

«እሺ፣ ነገ» አለች ውሮ። ይህቺን ነገ ታውቋታላችሁ፤ እናንተም ቤት አለች።

ጉድጓዱ ግን ማቃሰቱን አልተወም። ውሮ ደግሞ ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ዓይናቸው አልተገለጠም፣ እንቅልፍ አሳጥተዋታል። ታዲያ ምን አደረገች? ጠረገችው? ወዴት! ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎትታ አፉ ላይ ከደነችበት። ድምፁ ጠፋ። «እሰይ፣ ተገላገልኩ» ብላ ከልጆቿ ጋር ተኛች።

ሐምሌ ገባ። አያ ጎርፍ ከላይ እያጓራ ወርዶ የጉድጓዱን ደጅ አንኳኳ።

«ቤቶች፣ ጭቃ ተሸክሜአለሁ፤ ላሳርፍበት፣ ክፈቱልኝ።»

ዝም።

«ቤቶች፣ ወገቤ ተቆረጠ፤ ክፈቱልኝ።»

ዝም።

«ቤቶች፣ ከላይ ሌላ ጎርፍ እየገፋኝ ነው፤ ክፈቱልኝ።»

ጉድጓዱ አፉ በድንጋይ፣ ሆዱ በጥራጊ ተይዟል፤ በምን አፉ ይመልስ? ጎርፍም «እንግዲያው ክፍት ወደሆነው እገባለሁ» አለ። ክፍት የነበረው የውሮ በር ነው።

ጤዛ እንኳ የምትጠየፈው ውሮ እስከ አንገቷ ተነከረች። አንዱን ልጇን በማጅራቱ ይዛ ቆጥ ላይ አወጣች። ተመልሳ ሁለተኛውን አወጣች። ተመልሳ ብትመጣ ሦስተኛው የለም። ጎርፍ ይዞት ወርዷል።

እየጮኸች ቁልቁል ሮጠች። ስትደርስ ኩሬዋ የለችም፤ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ብቻ ነው። በጭቃው መሐል እንቁራሪት ጭቃ የተለወሰ ነገር በትከሻዋ እየገፋች ወደ ዳር ታወጣለች። ነገሩ አስነጠሰው። የውሮ ልጅ ነው።

ውሮ ልጇን ተቀብላ አፍንጫውን ላሰችለት፣ ዓይኑን ላሰችለት። «እግዜር ይስጥልኝ እመት እንቁራሪት። ውለታሽን በምን ልመልሰው?» አለች።

እንቁራሪት ጭቃውን አየች፣ ውሮን አየች።

«ያንቺ ልጅ ይኸው» አለች። «የኔንስ አሳዪኝ።»

ውሮ ልጇን ዳር ላይ አስቀምጣ ጭቃውን በጥፍሯ ትጭር ጀመር። ጫረች፣ ጫረች፣ ያ የሳሳችለት ጥፍሯ ደማ። አንድም አላገኘች። አባ ኤሊ እያዘገሙ ሲደርሱ እያለቀሰች «ምዬበታለሁና ጅራቴን ቁረጡት» አለቻቸው።

«ጅራትሽ ምን ይሠራልናል? ጅራት ደለል አያወጣም» አሉ አባ ኤሊ። «ድንጋዩን አንሺና አካፋ ያዢ።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድመት በሄደችበት ሁሉ መሬት ትጭራለች፤ አይታችኋል። መጫሩንስ ተማረች። ግን ጉድጓዱን ቆፍራ ምን ታደርጋለች? ቆሻሻዋን ትጥልበትና መልሳ ትደፍነዋለች። ያን ሁሉ አይታ! እኔስ ታክቶኛል።

ጉድጓድ አንድ ቀን በደቦ ይቆፈራል፤ ዕድሜ ልኩን በባለቤቱ ይጠረጋል።

ይኸው ዝናቡ አባራ። ተረቴን ባትመልሱልኝም፣ አፌን በዳቦ ባታብሱልኝም ግድ የለኝም። አምና ያዋስኳችሁን አካፋ ብቻ የየግቢያችሁን ጉድጓድ ጥረጉበትና መልሱልኝ።