ከቋጥኙ ኋላ

ተረት ተረት፣ የገደል ቤት።

አንዲት ተጫዋች ዝንጀሮ ልጇን ዓይኑን አስጨፍና ከቋጥኝ ኋላ ትደበቅ ነበር። «ኩኩሉ!» ሲላት «አልነጋም!» ትለዋለች፤ ቆይታ «ነጋ!» ብላ ብቅ ትላለች። መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ገልጦ ሲያጣት የጠፋች እየመሰለው ያለቅስ ነበር፤ እያደር ግን ቋጥኙን እያየ ይስቅ ጀመር።

ቁጡ እህቷ፣ «አንቺ ሥራ ፈት! እኔ ልጄን ሳር መንቀል ሳስተምር አንቺ ድብብቆሽ ትጫወቻለሽ?» አለቻት።

«ሳሩን ይደርስበታል። ሳያየኝም መኖሬን ይወቅ ብዬ ነው።»

አንድ ቀን ነብር መጣ። ሁለቱም እናቶች ልጆቻቸውን በየጠባቡ የዓለት ስንጥቅ ሸጉጠው ራሳቸው ከቋጥኝ ኋላ ተደበቁ። የቁጡዋ ልጅ እናቱን ሲያጣት ጮኸ፤ ነብሩም ወደ ጩኸቱ ዞረ። እናቱ ዘላ ወጥታ ልጇን አፈፍ አድርጋ ገደል ለገደል ስታመልጥ ጅራቷ በነብሩ አፍ ውስጥ ቀረ።

ያኛው ልጅ ግን ቋጥኙን እያየ ዝም አለ። ነብሩ ሸንተረሩን ከተሻገረ በኋላ ነው በቀጭን ድምፅ፣ «ኩኩሉ?» ያለው።

«ነጋ!» አለችው እናቱ።

በማግስቱ ጠዋት ከሌላ ቋጥኝ ኋላ፣ «አልነጋም!» የሚል የጅራት አልባዋ እህት ድምፅ ተሰማ።