ቤት ሊያፈርስ የተጠራ ደቦ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ልጄ፤ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ይህ ሰው የእህል ነጋዴ፣ ባለጸጋ ነበር። በመንደሩ ግን የሚታወቀው በሀብቱ ሳይሆን በትዝታው ነው። ከመንደሩ ግርጌ የሚወርደውን ወንዝ እንደ እሱ የሚናፍቅ አልነበረም። ልጅ ሳለ እናቱ እዚያ ወርዳ ልብስ በእንዶድ ስታጥብ፣ ነጩ አረፋ አኻያው ሥር ሲከማች፣ ለዓውደ ዓመት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከዳሩ ሲታጨድ፣ እሱና እኩዮቹ ዋና ሲማሩ፣ ይህን ሁሉ ሲያወራ እንባው ይመጣ ነበር። እንባውም የእውነት ነበር፤ ይህን ልብ በዪልኝ። ወንዙ ግን በእሱው ዕድሜ ደርቆ የፌስታልና የአሮጌ ጫማ መጣያ ሆኗል። ለምን ደረቀ ሲሉት፣ «ጊዜው ከፋ» ይላል።

አንድ ዓመት የመንደሩ ሰዎች ተነሡ። በየሳምንቱ እየወጡ ቆሻሻውን ለቀሙ፣ ደለሉን ጠረጉ፣ ዳርና ዳሩን ችግኝ ተከሉበት። ወንዙ ጸዳ፤ ውሃ ግን የለውም። ወደ ሰውዬው መጡና፣ «ጋሼ፣ የድሮውን ከሚያውቁ የቀሩን እርስዎ ብቻ ነዎት። ምንጩ ከወዴት ነበር?» አሉት።

ሰውዬው ያውቃል። ምንጩ ከእህል መጋዘኑ ወለል በታች ነው። ጎልማሳ ሳለ ግቢውን ሲያሰፋ እርጥበቱ ቢያስቸግረው፣ የምንጩን ዓይን በድንጋይና በዋልካ ደፍኖ፣ አልደፈን ያለውን በቦይ ወደ ጓሮው ገደል መልሶ፣ መጋዘኑን ላዩ ላይ አቆመ። ይህን ቢናገር መጋዘኑም ይሄዳል፣ ክብሩም ይሄዳል። ስለዚህ እጁን ወደ ኮረብታው ዘረጋና፣ «ከዚያ ሥር መሰለኝ» አለ።

ቆፈሩ። አለት እንጂ ውሃ አላገኙም። ሰውዬው ከደጁ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል፤ ሲያርፉም ስለ ወንዙ ያወራላቸዋል። አንድ ቀን አንዲት ሴት በዶማ የተላጠ መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ «እርስዎ ባይኖሩልን የት እንደምንቆፍር እንኳ አናውቅም ነበር፤ ዕድሜ ይስጥልን» አለችው። ከልቧ ነበር። ሰውዬው የተጠቀለለውን መዳፏን አየና ወሬውን ትቶ ብድግ አለ።

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን፣ «ጠላ ጥመቂ፣ ደቦ ልጠራ ነው» አላት።

«ምን ልታሠራ?»

«መጋዘኑን ላፈርስ።»

ደቦ ቤት ሊሠራ ይጠራል፣ አዝመራ ሊሰበስብ ይጠራል፤ ቤት ሊያፈርስ የተጠራ ደቦ ግን በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ሰዉ ግራ እየገባው መጣ፤ በላ፣ ጠጣ። ያን ጊዜ ሰውዬው ተነሥቶ፣ «ውሃው ከዚህ ሥር ነው። የደፈንኩት እኔ፣ በከንቱ ያስቆፈርኳችሁም እኔ» አለና የመጀመሪያውን ድንጋይ በገዛ እጁ ነቀለ። አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ቢቆጡም አይፈረድባቸውም። ያቺ ሴት እንኳ ፊቷን አዞረችበት። ነገር ግን የደቦ እንጀራ በልቶ ሳይሠራ መሄድ ነውር ነውና፣ እያጉረመረሙ ዶማቸውን አነሡ። ወለሉ ሲነሣ መጀመሪያ ጭቃ ወጣ፣ ቆይቶ ድፍርስ ውሃ፤ ወደ ማታ ግን ውሃው ጠርቶ ቁልቁል ወረደ። ሰውዬው ተከትሎት ሄዶ እግሩን ነከረ። ስለ ድሮው አንድም ቃል አልተናገረም።

እንግዲህ ልጄ፣ «አባ፣ ከእህቴ ጋር የነበረንን ፍቅር እያሰብኩ ሌት ተቀን አለቅሳለሁ፤ እግዜር ለምን አይመልስልኝም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንባሽ የእውነት ነው፤ አልጠራጠረውም። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ወንዙ ፍቅራችሁ ነው። ምንጩም አልደረቀም፤ እናታችሁ ለሁለታችሁ የተወችውን ግቢ ለብቻሽ ስታጥሪ፣ አጥሩን የተከልሽው ዓይኑ ላይ ነው። አጥር ደግሞ ስላለቀሱበት አይፈርስም። ቀኑን ቁረጪና ጠላሽን ጥመቂ፤ ዶማ ይዞ ቀድሞ የሚመጣው የንስሐ አባትሽ ነው።