«ጣት ነው» ያለው ዋሽንተኛ

አንድ በየንግሡ ስሙ የሚጠራ ዋሽንተኛ ነበር፤ ስንሻው ይባላል። ቤቱ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መስከረም ሲጠባ ዋሽንቶቹን በስልቻ ከትቶ ይወጣና ከአንዱ ደብር ንግሥ ወደ ሌላው ሲዞር ከርሞ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ሲቀር ስንሻው አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ዋሽንቱን ከከንፈሩ ያገናኛል። ያኔ የሚጨፍረው ይጨፍራል፣ የሚተክዘው ይተክዛል፤ ተጣልተው የከረሙ ጎረቤታሞች እንኳ ሳይታወቃቸው ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ።

መቼም ዋሽንተኛ የሚበላው በበዓል ቀን ብቻ አይደለም። ክረምት ረጅም ነው፤ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፣ ሜዳው ሲጨቀይ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ስንሻው ከጨዋታው ጎን አንዲት ንግድ ያዘ። ክረምቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሸምበቆ ይቆርጣል፣ ጭስ ላይ ሰቅሎ ያደርቃል፣ በጋለ ብረት ይበሳል፣ አንገቱን በቀይ ቆዳ ይጠቀልላል። በጋ ሲመጣ ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት እነዚያን ዋሽንቶች ከስልቻው ያወጣቸዋል። ሰው ደግሞ ልቡ ሲሞቅ እጁ ይፈታል፤ ሁሉም እንደ ስንሻው የሚጫወት እየመሰለው ይገዛል።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ዋሽንት ልክ እንደ ራሱ ዋሽንት ነበር። ነገሩ የተበላሸው አንድ ዓመት ጥምቀት ላይ ነው። ስንሻው እየተጫወተ ሳለ ከከበቡት ሰዎች ግማሾቹ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ማዶ ሲሄዱ አየ። ምን ተገኘ ብሎ ጆሮውን ቢያቀና፣ ካቻምና ከእሱ ዋሽንት የገዛ አንድ ጎረምሳ እየተጫወተ ነው፤ ያውም አሳምሮ! ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። ስንሻው ግን ዋሽንቱን ከከንፈሩ አወረደ። «በገዛ እጄ የምሠራው ዋሽንት እንጀራዬን ሊቀማኝ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ ለሽያጭ የሚሠራቸውን ዋሽንቶች ሦስተኛ ቀዳዳ የገብስ ፍሬ ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይበሳ ጀመር። ልዩነቷ ለዓይን አትታይም። ዜማው ግን እዚያች ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ያነክሳል። መላዋን የሚያውቀው ስንሻው ብቻ ነው፤ ጣቱን ሙሉ ለሙሉ ሳያነሳ ቀዳዳዋን ግማሽ ከከደናት ድምፁ ይቃናል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ገዢው ተመልሶ መጥቶ «አያ ስንሻው፣ ይቺ ዋሽንት እዚህ ጋ ስደርስ ትሰናከልብኛለች» ሲለው ይቀበለዋል። ጣቱን በዘዴ አሳርፎ ልብ የሚሰርቅ ዜማ ያወጣባታል። ከዚያ በትሕትና ይመልስለታል።

«ዋሽንቷስ ደህና ናት» ይላል። «ጣት ነው።»

ሰውየውም ጣቶቹን እያገላበጠ እያየ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስንሻው ክፉ ሰው አልነበረም። ለለማኝ ይሰጣል፣ ለታመመ ያዝናል፣ በሰው ሠርግ ላይ ያለቅሳል። ስለ ዋሽንቶቹ ሲያስብ ግን «የሸምበቆ ቁራጭ ናት፤ ማንን ትጎዳለች?» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉ።

አንድ ጊዜ ለኅዳር ሚካኤል ብሳና አፋፍ ወደምትባል አገር ደረሰ። ከዓመታት በፊት አንዴ መጥቶባት ብዙ ዋሽንት የሸጠባት አገር ናት። የበዓሉ ዋዜማ ስለነበር ማደሪያ ሲፈልግ አንድ ሸማኔ መንገድ ላይ አግኝቶ እጁን ይዞ አልለቅም አለ። ስሙ ቢያድግልኝ ነው።

«አንተን የመሰለ እንግዳ እያለ ሌላ ቤት ሲያድር ዝም ብዬ ላይ ነው? ሚካኤል ይታዘበኛል!» ብሎ እየጎተተ ወሰደው።

ቤቱ ንጹሕ ነበር። ሚስቱ እናኑ ጠላ ቀዳች፣ ምሳ አቀረበች። ከበሩ አጠገብ የሽመናው ጉድጓድ አለ፤ ዕቃው ላይ የተወጠረው ነጭ ጋቢ ነው። ስንሻው ዓይኑን ሲያዞር ግድግዳው ላይ አንድ የቆየ የሀበሻ ቀሚስ ተሰቅሎ አየ። ጥለቱ ሰው የሠራው አይመስልም። ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው ሲገቡና ሲወጡ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም።

«ይህን የሠራው እጅ ይባረክ!» አለ ስንሻው። «ማነው ባለሙያው?»

«ይኸውልህ አጠገብህ ተቀምጦ ይጎርሳል» አለች እናኑ እየሳቀች። «ለሠርጋችን የሠራልኝ ነው። ድሮ ነው ታዲያ። አሁንማ ከጋቢ በቀር አልነካም ብሏል። ልጃችን አንጓች ጥር ላይ ልትዳር ነው። አባቷ ጥለት የሚባለውን ነገር እርም ስላለ ቀሚሷን ለከተማ ሸማኔ ልንሰጥ ነው። እሷም ከሰው እጅ አልለብስም ብላ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፋለች።»

ስንሻው ወደ ሸማኔው ዞረ። «ምነው አያ ቢያድግልኝ? ታመህ ነው?»

ቢያድግልኝ ፈገግ አለ። ፈገግታው ውስጥ ቂም የለም፤ ቂም ቢኖር ለስንሻው በቀለለው ነበር።

«ኧረ ደህና ነኝ። ጣቴ ነው የከዳኝ። አንተው ነህ እኮ የነገርከኝ! ያኔ መጥተህ ሳለ ካንተ ዋሽንት ገዝቼ፣ እዚህ ጋ ትሰናከልብኛለች ብዬ ባመጣልህ ተጫውተህ አሳየኸኝና ጣት ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ ጣቴን ነበር የምመካበት። እውነቱን የሚናገር ሰው አይገኝም፤ አንተ ነገርከኝ። ከዚያ በኋላ ጥለት ስጀምር ጣቴን አየዋለሁ። ሳየው እፈራለሁ። ስፈራ ክሩ ይበጠሳል። እውነትም ጣቴ ነው አልኩና ተውኩት።»

ስንሻው የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።  ዓመታት ሙሉ ማንንም አትጎዳም ያላት የገብስ ፍሬ ከዋሽንቷ ወጥታ የሰው ቤት ገብታለች፤ የሰውየውን ሙያ በልታ አሁን ደግሞ የልጁን ቀሚስ ልትበላ ነው።

በቀላሉ ሊያልፈው ሞከረ። «ጣትህስ ደህና ነው፤ ያኔ በወጉ አላየሁትም ይሆናል» አለ።

«ቤቴ ስለበላህ ነው እንዲህ የምትለው» አለ ቢያድግልኝ እየሳቀ። «ይሉኝታህን አውቃለሁ።»

«እስቲ እንግዲያው የኔን ዋሽንት ያዝና ተጫወት።»

«በል ተው! ያንተን ዋሽንት በኔ ጣት አላበላሽም» አለና እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተታቸው።

ስንሻው እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚህ መሀል እናኑ «ነገ ሰዉ ሁሉ ካንተ ዋሽንት ሊገዛ ሲዘጋጅ ነው የሰነበተው» አለችው። ያን ሲሰማ ወሬውን ወደ ነገው በዓል አዞረ። ሰውን ማጽናናት ቀላል ነው፤ ራስን አዋርዶ ማጽናናት ግን ሌላ ነገር ነው።

በማግስቱ ንግሡ ደመቀ። ታቦቱ በእልልታ ገባ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ስንሻው ሜዳው ዳር ባለ የብሳና ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ተጫወተ፤ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም ይላሉ ያዩት። ሰዉ ስልቻው ላይ ዓይኑን ጥሎ «አውጣው እንጂ! አውጣው!» ማለት ጀመረ። ስንሻው ግን ስልቻውን አልፈታም። ከፊት ቆሞ የሚያዳምጠውን ቢያድግልኝን አየና «ወንድምዓለም፣ ያቺን ከኔ የገዛሃትን ዋሽንት አምጣልኝ» አለው።

ቢያድግልኝ ቤቱ ቅርብ ስለነበር ሄዶ በጨርቅ የተጠቀለለች ዋሽንት ይዞ መጣ። ስንሻው ተቀበለና መጫወት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ግን ዘዴውን አልተጠቀመም፤ ጣቱን ማንኛውም ሰው እንደሚያነሳው አነሳ። ዜማው ሦስተኛዋ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ አነከሰ። ደገመው፤ አሁንም አነከሰ። ሰዉ ሳቀ።

«ስንሻውን ዛሬ ጠላው መታው!» አለ አንዱ።

«ጣቴ ይመስላችኋል?» አለ ስንሻው።

«ያንተን ጣትማ እናውቀዋለን!»

«እንግዲያው ዋሽንቷ ናት። ቀዳዳዋን ሆን ብዬ አጣምሜ የበሳሁት እኔ ነኝ። የሸጥኩላችሁ ሁሉ እንደዚህች ናቸው። ማንም እኔን እንዳይተካከለኝ ብዬ ነው ያደረግሁት። ትሰናከላለች ስትሉኝ ጣት ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ጣታችሁ ምንም አልሆነም።»

 ከዚያ ጩኸቱ መጣ። አንድ ሽማግሌ ዋሽንታቸውን ሰብረው እግሩ ሥር ጣሉት። አንዲት እናት «ልጄን አንተ አይሆንልህም ብዬ ዋሽንቱን የቀማሁት እኮ በአንተ ቃል ነው!» ብላ አለቀሰች።  ስንሻው ተነስቶ የራሱን ዋሽንት፣ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተባትን፣ ለቢያድግልኝ ዘረጋለት።

ቢያድግልኝ መጀመሪያ አልተቀበለም።  ኋላ ግን ያዛትና ከንፈሩ ላይ አድርጎ በልጅነቱ የሚያውቀውን አጭር የሠርግ ዜማ ጀመረ። ያቺ ክፉ ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ዜማው ሳይሰናከል አለፈ።

ሰው ሁሉ ሸማኔው በደስታ የሚፈነድቅ መስሎት ነበር። ቢያድግልኝ ግን ዋሽንቷን ዝቅ አድርጎ ጣቶቹን ያይ ጀመር። ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሰ ዘመድ የሚታየው እንዲያ ነው። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ከዚያ ስንሻውን ቀና ብሎ አየው።

«ዋሽንቷን ብቻ አጣምመህ ብትሸጥልኝ ኖሮ እኮ ምንም አልነበረም» አለው። «ጥዬ ሌላ እገዛለሁ። 'ጣት ነው' ያልካት ቃል ናት የጎዳችኝ። ጣቴን የት ሄጄ ልግዛ?»

ስንሻው አንገቱን ደፋ። ቢያድግልኝም «በል አሁን ሰው ሳይሰብርህ ወደ ቤት ግባ። ራትህ እኔ ቤት ነው» ብሎት ቀድሞት ሄደ።

እናኑ ተከትላው ስትደርስ ባሏ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅማ ክሮች ተበትነዋል።

«ምነው፣ ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ! በበዓል ቀን ልትሸምን ነው?» አለች ደንግጣ።

«አልሸምንም» አለ ቢያድግልኝ። «ቀለም ነው የምመርጠው። እስቲ አንጓችን ጥሪያት፤ የትኛውን እንደምትወድ ትንገረኝ።»

ልጅቱ ኩርፊያዋን ረስታ እየሮጠች ገባች። ስንሻው በሩ ላይ ቆሞ አባትና ልጅ በክር ቀለም ሲከራከሩ አየ፤ መግባት አፍሮ እናኑ ጎትታ እስክታስገባው ድረስ እዚያው ቆመ።

ስንሻው ከዚያ በኋላ ዋሽንት መሸጡን አልተወም፤ ቀጥ ያለ ዋሽንት እየሠራ መሸጥ ያዘ። ግን በፊት ዋሽንት የሸጠባቸውን አገሮች አንድ በአንድ እየዞረ «ጣታችሁ ደህና ነው» ማለት ሌላ ሥራ ሆነበት። አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዳንዱ አቀፈው። አንዳንዱ ዘንድ ሲደርስ ግን ሰውየው «እኔ እጅ የለኝም» እንዳለ ሞቷል፤ ከዚያ ደጃፍ ቃሉን እንደያዘ ይመለስ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ሰውን የተበላሸ ነገር ሰጥተን ስንበድለው ጉዳቱ ዕቃው ላይ ይቀራል፤ ጥፋቱ ያንተ ነው ስንለው ግን በራሱ ላይ ያለውን እምነት ይዘን እንሄዳለን። የገዛ ጥበባችን እንዳይበለጥ፣ ወይ ስንፍናችን እንዳይታወቅ ብለን ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ተማሪ፣ ወይም ለትዳር ጓደኛችን «አንተ አይሆንልህም» ብለን ይሆናል። እኛ ረስተነዋል። እሱ ግን ዛሬም ያምነናል።

እስቲ ዛሬ ወደኋላ ዞር ብለን እንጠይቅ፦ እኛ አጣምመን በበሳናት ቀዳዳ ምክንያት ጣቱን ሲወቅስ የሚኖር ማን አለ? ካለስ፣ በሕይወት ሳለ ሄደን እንነግረው ይሆን?