የመብረቅ ዘር ቆጠራ

ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ፣ ዘር መቁጠር ከምግብ የሚጥማቸው ሰው ነበሩ። አንድ የባሕር ማዶ እንግዳ እግራቸው አጭር፣ ወገባቸው ረጅም የሆነ ሁለት ውሾች ሰጣቸው። ወንዱን መብረቅ አሉት። ሴቷ በወለደች ቁጥር ረጅሟን ቡችላ ይመርጡና ስታድግ መልሰው ለመብረቅ ይሰጧታል፤ የሷንም ልጅ እንዲሁ። ወገቡስ ረዘመላቸው። ቡችሎቹ ግን ዓመት ሳይሞላቸው የኋላ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ።

ጥፋቱ ውሾቹን በምትጠብቀው ሴት ላይ ተላከከ። ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማይታጠፍ ናት፤ ከግቢው ጥግ ካለችው ጎጆ በቀር ግን መጠጊያ የላትም። ፊታውራሪ እንግዶቻቸውን ሰብስበው አስጠሯት።

"የመንደር ውሻ አስገብተሽ ዘሬን አበላሸሽው" አሏት። "የለም ካልሽ የዚህን ቡችላ ዘር እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪ። ከተሳሳትሽ ጎጆዬን ለቀሽ ትወጫለሽ።"

ሴትዮዋ መቆም ያቃተውን ቡችላ ከመሬት አንስታ አቀፈችው።

"እዚህ ቤት መሳሳት የት ይገኛል ጌታዬ? አባቱ መብረቅ ነው። የእናቱ አባት መብረቅ ነው። የሴት አያቱም አባት መብረቅ ነው።"

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

"እኛ ድሆቹ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ እንዳናገባ ነው" አለች ሴትዮዋ። "እርስዎ የሚቆጥሩት ዘመድ እንዳያመልጥ ነው። ለውሾቹ ወገብ ካሰቡ፣ እኔን ባዳዋን ከሚያስወጡ አንድ ባዳ ውሻ ያስገቡ።"